የባለጓንቱ ክፍል አራት

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመምህርት ፀደይ
አዲ አርቃይ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ ባለቤቴ ራቢዓና ልጆቹ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደብዳቤሽ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ከደረሰኝ ስድስት ቀን ሆነው። ሳልመልስ መቆየቴን ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልሽ ቪዲዮ ቤት ከሰዓት በኋላ እንደሚከፈት አንቺም ታውቂያለሽ። እውነቱን ለመናገር ስጽፍና ስቀድ ነው የሰነበትኩት።

መጀመሪያ አያ ወልደኢየሱስን ነፃ ላውጣው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ቀጣፊ እያየው ነው ብለሽኛል። አያ ወልደኢየሱስ አልዋሸም። በጥቅምት ለገበያ መጥቶ በደጄ ሲያልፍ የወንድምሽን የነጋን ድምፅ ሰምቷል። ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ነጋ ገባ የሚል ምሥራች ለመንገር ቸኮለና በመጣበት መኪና ተመለሰ። እህቴ፣ የሰማው ካሴት ነው።

ነጋ እኔ ቤት ተርጓሚ ነበር። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ይላል። በ1991 ጥር ወደ ግንባር ሊሄድ ሲል ቤትህ እንዳይዘጋብህ ብሎ የባለጓንቱን አምስት ክፍል በአምስት ካሴት ላይ ተርጉሞ ቀዳልኝ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን በዴክ፣ ካሴቱን በቴፕ አድርጌ «ቢስሚላህ» እልና ሁለቱን ቁልፍ እኩል እጫናለሁ። ደንበኛ እንዲጠራልኝም ድምፁን በደጅ ማጉያ እለቀዋለሁ። ይህ ነው ጥፋቴ። እማማ እናኑ ልጄ ጎንደር ገባ ብለው ዳቦ መድፋታቸውን፣ ጠላ መጥመቃቸውን፣ አልፎም ከመንደራቸው ወርደው አንቺ ዘንድ ተቀምጠው አውቶቡስ መጠበቃቸውን ሳነብ ማንበቤን አቁሜ ደጅ ወጣሁ።

ነጋ የት እንዳለ ጠይቀሽኛል። ከሄደ ወዲህ ለእኔ የጻፈልኝ ሁለት ደብዳቤ ነው፤ ሁለቱም የ1991 ናቸው። ሠራዊቱ ብዙ ነው፣ ገና ያልተመለሰም አለ ይባላል።

«አራተኛውን አበላሽቼበታለሁ» ብሎ ለአንቺ የጻፈልሽ ነገር ምንድን ነው ላልሽው ግን መልስ አለኝ። ባለጓንቱ አምስት ክፍል ያለው ፊልም ነው። በፈረንጅኛ ሌላ ስም አለው። ባለጓንቱ ያልነው እኛ ነን፤ ጀግናው ጥቁር ጓንት ሳያጠልቅ ሰው አይመታም። ከአምስቱ የቱ የባሰ ነው የሚለው ክርክር እዚህ አዲስ ዓለም የሁለት ወንድማማቾችን ሰላምታ አቋርጧል። አንዱ ሁለተኛው ነው ይላል፤ ጀግናው ለሴት ስላለቀሰ። ሌላው አምስተኛው ነው ይላል፤ ጀግናው ቦርጭ ስላወጣ። እንዲህ ሲነታረኩ ይውሉና አራተኛው ሲነሳ ይታረቃሉ። የአራተኛውን ክፋት የሚክድ እስካሁን አላየሁም።

ዋናው ተዋናይ ከሠሪዎቹ ጋር ተጣልቶ ነው አሉ፣ አራተኛው ላይ የለም። ጀርባው እሱን የሚመስል ሌላ ሰው አምጥተው ከኋላ እየቀረጹ ጨረሱት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የምታዪው ጀርባ ነው። ደንበኛ «ዙር! ኧረ ዙር!» እያለ ይጮኻል፤ ሰውየው ግን አይዞርም። ነጋ እዚህ ሳለ ያን ጀርባ ሰው አደረገው። ፊቱ ተቃጥሎበት እናቱን ላለማስደንገጥ ነው የማይዞረው አለ፤ እናቱም በየአገሩ ትፈልገዋለች አለ። እንግሊዝኛ የሚያውቁ ልጆች ፊልሙ እንዲህ አይልም ብለውኛል። እኛ ግን አልቅሰንበታል።

ካሴቱ ላይ ግን እስከ መጨረሻ አላደረሰውም። እናቲቱ በሩን ከፍታ መናገር ስትጀምር ነጋ አንዲት ነገር ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ደንበኛም ጠላው፤ እኔም ካሳየሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ። አበላሸሁት ያለው ይህን ይመስለኛል።

እማማን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ኡዘይር ሷሊሕ


አዲ አርቃይ
ኅዳር 27 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡዘይር፣

ሰላምህ ይብዛ። እናንተ ደህና በመሆናችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም በእግሯ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትጠብቃለች።

ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ስለ ፊልም ነው። ስለ ወንድሜ የጻፍከው ሦስት መስመር አይሞላም። እኔ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ኡዘይር። መልሱን የማያውቅ ልጅ አጭር ነው የሚጽፈው። የሚያስረዝመው እያወቀ መናገር የፈራው ነው።

ለእናቴ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማህ። ስለ ካሴቱ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ድምፁ ተቀድቶ ነው» ብላት «ከባዶ ጋን ምን ይቀዳል? ሰውየው ቢኖር ነው» አለች። የያዘችው የፊልሙን እናት ነው። «ልጇን የምትፈልገዋ ሴትዮ አገኘችው ወይ?» ትለኛለች፣ እንጀራ አቅርቤላት እንኳ። አላውቅም እላታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አጣፍታ መኪና መቆሚያው ትወርዳለች። የጎንደሩ አውቶቡስ ሲቆም ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ሁሉም ከወረደ በኋላ ረዳቱን «ሌላ የቀረ አለ ወይ?» ትለዋለች። ልጁ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ትናንት ገብቶ ወንበር ለወንበር አይቶላት «የለም እማማ» ሲላት አየሁት። ያን ቀን እንደ ልማዴ ልመልሳት ወርጄ ነበር፤ ግን አላስችለኝ ብሎ ከሱቁ ጥግ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ እጠይቅሃለሁ፣ ሁለቱንም መልስልኝ። ነጋ ካሴቱ ላይ አንዲት ነገር ይልና ዝም ይላል ብለሃል፤ የሚለው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ወንድሜ በሕይወት አለ ወይ?

ስለ ክፍል አምስት ቦርጭ እንዳትጽፍልኝ።

ፀደይ


ጎንደር
ታኅሣሥ 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ ፀደይ፣

የመጀመሪያውን እመልሳለሁ። «ስመለስ እሞላዋለሁ» ነው የሚለው።

ሁለተኛውን በወረቀት አልመልስም። በእናንተም በእኛም ወግ እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ አይሄድም። ሽማግሌ በማለዳ ሳይመጣ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው ከጎንሽ ሳይኖር ቆመሽ እንድታነቢው አላደርግም። ይህን ስል መልሼልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ይህን ከማለት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ነሐሴ ላይ አንድ ሰው ክፍል ሁለት ሊያይ ገባ። ነጋ መናገር ሲጀምር ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ መልሶ ብድግ አለ። ደጅ ተከትዬው ብወጣ ግድግዳዬን ተደግፎ ቆሟል። አላምረው ይባላል፤ ከነጋ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። በዓይኑ ያየውን ነገረኝና ለቤተሰቡ አንተ ድረስላቸው፣ እኔ የእናቱን ፊት ማየት አልችልም አለኝ። እሺ አልኩት።

መስከረም ላይ ተነሳሁ። ደባርቅ ድረስ መጣሁ፤ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። የሊማሊሞን ቁልቁለት አየሁት። ከሥር አንቺ አለሽ፣ እማማ አሉ። ነገሩን መናገር የሚገባኝ እኔ ማነኝ አልኩ፣ ዘመድ አይደለሁ፣ ሽማግሌ አይደለሁ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪና መጣና ገባሁበት። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ በጊዜው ደርሼ ቢሆን አያ ወልደኢየሱስ የሰማው ድምፅ እማማን አውቶቡስ አያስጠብቃቸውም ነበር።

ምነው ታዲያ ካሴቱን ማጫወትህን አላቆምክ ትይኝ ይሆናል። ራቢዓም ትለኛለች፤ «ሰውየውን አሳርፈው» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ቴፑ ግን በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ነጋ ጨለማው ውስጥ ማውራቱን ቀጠለ። ጀግናውንም ይሆናል፣ ጠላቱንም ይሆናል፣ እየፎከረ እየመለሰ። ሃምሳ ሰው እዚያው ተቀምጦ ሰማው። ተነስቼ ማጥፋት ነበረብኝ። ካጠፋሁት የማጠፋው እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

የደጁን ማጉያ ግን ዛሬ ጠዋት አውርጄዋለሁ። ለእማማ የሚበጀውን አንቺ ንገሪኝ፤ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ። ከዚህ በኋላ ደባርቅ ላይ አልወርድም።

ኡዘይር


አዲ አርቃይ
ታኅሣሥ 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡዘይር፣

ገብቶኛል።

ያነበብኩት ትምህርት ቤት ነው፣ ጠመኔና አሮጌ ወንበር የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ዓይንሽ ምነው?» አለችኝ፤ ጠመኔ ገብቶበት ነው አልኳት። ሐዘንተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ይለብሳል አይደል? እኔ ለወንድሜ ይህን እንኳ ማድረግ አልቻልኩም። እንደ ሌላው ቀን ለብሼ እወጣለሁ፣ ሰው «ነጋስ መጣ ወይ?» ይለኛል፣ «እየጠበቅነው ነው» እላለሁ።

የእናቴን የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስን አማክሬአቸዋለሁ። ከበዓል በፊት መርዶ አይረዳም፣ ጥምቀት ይለፍ አሉ። ጥር 14 ማለዳ እሳቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንተና አላምረው በዋዜማው ድረሱ። እናቴ የሚያረዱትን ትሰማለች፤ ከዚያ ግን ያየውን ሰው ዓይን ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ አውቃታለሁ።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። አያ ወልደኢየሱስን «ያን ድምፅ ከሰማህበት ውሰደኝ» እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱ ደግሞ ቀጣፊ ከተባለ ወዲህ ልቡ ተሰብሯል፤ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። እስከ ጥር 14 እንዲታገሥ ለምኜዋለሁ። ነገሩን ግን አልነገርኩትም፤ ምሥጢር አይቋጥርም።

ደባርቅ ላይ ስለ መመለስህ ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ ብዕሬን አንስቼ ነበር። አሁን አልቻልኩም። አንተም እንድዋሽልህ አትፈልግም።

ፀደይ


ጎንደር
ጥር 5 ቀን 1994 ዓ.ም.
በአያ ወልደኢየሱስ እጅ

እህቴ ፀደይ፣

ይህን እማማን አቅፈሽ ከመሳምሽ በፊት አንብቢው። እማማ ያውቃሉ። ከእንግዲህ ጠመኔ ዓይኔ ውስጥ ገባ ማለት የለብሽም።

ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ሁለትን እያሳየሁ በሩ ተከፈተ። አያ ወልደኢየሱስ ነው፤ ከኋላው እማማ እናኑ። ታመመ የተባለ ዘመድ ልጠይቅ ብለው እንደወጡብሽ ነግረውኛል። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። ቴሌቪዥኑን አላዩትም። ድምፁ ወደሚመጣበት ወደ ቴፑ ሄደው ፊቱ ቆሙ። እኔ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ «ተወው፣ ይናገር» አሉኝ።

ቆመው ጨረሱት። ሲያልቅ «እናቱ የምትፈልገው የቱ ነው?» አሉ። ደንበኞቼ ክፍል ሦስትን ነበር የሚጠብቁት። አራተኛውን ከመደርደሪያው ሳወርድ ከኋላ «ኧረ ያቺን ድሪቶ! ምን በደልንህ!» የሚል መጣ። «የነጋ እናት ናቸው» አልኩ። አንዱ ተነስቶ ከፊት ያለውን አግዳሚ በሙሉ ለቀቀላቸው።

ቢስሚላህ ብዬ ሁለቱን ቁልፍ ተጫንኩ።

እህቴ፣ ያን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳሳየሁት አላውቅም፤ ትናንት ግን አየሁት። ነጋ ስለዚያ ጀርባ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እኔ ደክሞት ይመስለኝ ነበር። «ፊቴን ብታየው ትደነግጣለች፤ ሲሽር እሄዳለሁ» ይላል። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ቆይተው አንድ ጊዜ ብቻ «ዙር እንጂ፣ የእኔ ሸጋ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ያ ሁሉ ደንበኛ ሲጮህበት ያልዞረ ጀርባ ለእሳቸውም አልዞረም።

መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ነጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ እናቱ ናት» አለ። «የምትለው አልገባኝም። ኡዘይር፣ ይቺን ተዋት፣ ስመለስ እሞላዋለሁ።» ከዚያ ካሴቱ ብቻ እየተሽከረከረ ሽሽሽ ይላል።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸን ያለው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ዓመቱ ነው፣ እማማ። ሊሄድ ሲል።»

«ከዚያ ወዲህስ ምን አለ?»

ለጥር 14 የተዘጋጀው ነገር ሁሉ ታወሰኝ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ማለዳው። «እየጠበቅነው ነው» ማለት እችል ነበር፤ አንቺ ስንት ሳምንት ብለሽዋል። መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌዎች በቃል የሚያደርጉትን እኔ በዝምታ አደረግሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ፊቴን አዩት። ቀጥለው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ሴትዮዋ እንደ ቆመች ናት፣ አሁንም ትናገራለች።

«ምኑ ነው ያልገባው?» አሉ። «‹በላህ ወይ?› ነው የምትለው። ሌላ ምን ትላለች?»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ዘረጉት፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቀዘቁት፣ መልሰው ለበሱት። ማንም አልረዳቸውም። ራሳቸው ለራሳቸው አረዱ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት።

ደንበኞቼ አግዳሚዎቹን ተሸክመው ደጅ አወጡ። ራቢዓ የሠፈሩን ሴቶች ይዛ መጣች፤ ያቺ ለፊልም የተሠራች ቤት ለቅሶ ቤት ሆነች። ያ «ድሪቶ» ብሎ የጮኸው ሰው ውኃ ሲያመላልስ አመሸ። እነዚያ የተኳረፉት ወንድማማቾች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየሁ። አላምረውን አስጠራሁት። መጣ። እማማ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡትና ሁሉንም ጠየቁት፤ ሁሉንም ነገራቸው።

እኔና አላምረው የለቅሶውን ቤት አስተካክለን በማግስቱ እንከተላቸዋለን። አያ ወልደኢየሱስን አትቆጪው፤ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ ነገር እማማን ጠይቂልኝ። ካሴቶቹን ምን ላድርጋቸው? ላቃጥላቸው? ልላክላቸው? ወይስ ያውሩ? እኔ ከእንግዲህ ብቻዬን ቁልፉን መጫን አልችልም።

ኡዘይር


አዲ አርቃይ
የካቲት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡዘይር፣

አርባውን ትናንት አወጣን። አንተና አላምረው በለቅሶው ሰሞን ስላደረጋችሁት ሁሉ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ራቢዓን እቴ ብዬ ስሜያታለሁ በልልኝ።

ደባርቅ ላይ ስለ መመለስህ በታኅሣሥ ያልቻልኩትን አሁን እችላለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ያን ጊዜ መጥተህ ቢሆን እናቴ ሞቱን እንጂ ድምፁን አትሰማም ነበር። ይህን ግን ለራስህ ማመካኛ እንዳታደርገው።

እናቴ መኪና መቆሚያው መውረድ ትታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ትሰማዋለች፤ እጇ ያቆማል፣ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች። ረዳቱ ግን ትናንት ለአርባው መጥቶ ነበር፣ በእጁ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ። ነጠላችን እንደ ተዘቀዘቀ ነው፤ እስከ ዓመቱ አብረን እንለብሰዋለን።

ስለ ካሴቶቹ ጠየቅኳት። «ይናገር፣ የልጄን አፍ ምን ያዘጋዋል? አላፊ አግዳሚው ይስማው፤ የእኔ እንደሆነ እኔ አውቄዋለሁ» አለች። ማጉያውን መልሰህ ስቀለው። አያ ወልደኢየሱስም ለገበያ በመጣ ቁጥር ደጅህ ቆሞ እንደሚሰማ ነግሮኛል።

አራተኛውን ግን ላክልኝ ብላለች። ማጫወቻ እኮ የለንም ብላት «ለመስማት መች አልኩሽ» አለችኝ። ከሣጥኗ ውስጥ ቦታ አዘጋጅታለታለች፣ ከክርስትናው ልብስ አጠገብ።

ደንበኞችህ ክፍል አራት የት ገባ ብለው ከጠየቁህ፣ ነጋ ስመለስ እሞላዋለሁ ያለውን እናቱ ሞልታዋለች በላቸው።

እህትህ ፀደይ